በቪትስ ዋጋ ጭቃ የሚወጣ መኪና፦ ርካሹን ፕራዶ ልግዛ?

ጥያቄው፦ «ቦንጋ አካባቢ ከወላጆቼ የተረፈልኝ የቡና ማሳ አለ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ በወር አንድ ሁለቴ እመላለሳለሁ። ከአስፋልቱ ከተወጣ በኋላ ያለው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ክረምት ላይ ጭቃ ብቻ ነው። ያጠራቀምኩት ከአንድ የቆየች ቪትስ ዋጋ ትንሽ ቢበልጥ ነው። አንድ ደላላ የ1998 (በፈረንጅ) ሥሪት ናፍጣ ፕራዶ አግኝቶልኛል። አውቶማቲክ ነው፣ 147,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሄደው፣ ዋጋውም ከሌላው ፕራዶ በጣም ይቀንሳል። የቶዮታ ናፍጣ ሞተር አይሞትም ይሉኛል። የወንድሜ ሚስት ደግሞ ራቭ ፎር ግዛ፣ ያው ፎር ባይ ፎር ነው ትላለች። እስከ ቅዳሜ ቀብድ ካልከፈልክ ይሸጣል ተብያለሁ። ምን ይሻለኛል?»

ፕራዶውን አይግዙ። ፕራዶ ጥሩ መኪና ነው። በቪትስ ዋጋ የሚሸጥ ፕራዶ ግን የሆነ ነገር አለበት፤ ምን እንዳለበትም ከጻፉልኝ ነገር መገመት ይቻላል።

ከኪሎ ሜትሩ እንጀምር። መኪናው 27 ዓመት ገደማ ሆኖታል። 147,000ን ለ27 ቢያካፍሉት በዓመት 5,400 አካባቢ ይመጣል። በቀን 15 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ከሜክሲኮ ቦሌ ደርሶ መልስ ያህል። ፕራዶ ገዝቶ ለ27 ዓመት ሜክሲኮና ቦሌ ብቻ የተመላለሰበት ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ቆጣሪው ወይ ወደ ኋላ ተመልሷል፣ ወይ ተቀይሯል፣ ወይ ለዓመታት ሳይሠራ ቆይቷል። እኔ ጋራዥ ውስጥ ቆጣሪ የማየው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ ከዚያ የሾፌሩን ወንበር የበር በኩል ጠርዝ፣ ከዚያ መሪውን አያለሁ። የፔዳሉ ጎማ በአንድ በኩል ተበልቶ ብረቱ ብቅ ካለ ያ መኪና 147,000 አልሄደም። ፔዳሉ ላይ ብቻ አዲስ ጎማ ከተገጠመ ደግሞ ለምን እንደተገጠመ ይጠይቁ።

ቀጥሎ ሞተሩ። የዚያ ዘመን ናፍጣ አውቶማቲክ ፕራዶ በአብዛኛው ባለ 3.0 ሊትር ቱርቦ ነው፤ መካኒኮች ዋን ኬዜድ የሚሉት። ከቴስታታው (ሞተሩን ከላይ ከሚከድነው ክፍል) በታች ያለው ጠንካራ ነው። ችግሩ ራሱ ቴስታታው ነው። አሉሚኒየም ስለሆነ ሞተሩ አንዴ ከልክ በላይ ከሞቀ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ መጀመሪያ የፀጉር ያህል ነው። ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት ውሃ እየጨመረ ይነዳል። ውሃ መጨመሩ ሲሰለቸው ደላላ ይጠራል። «ዋጋው በጣም ይቀንሳል» ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም፣ 92 አካባቢ ነው። እንጦጦ አናት ላይ 90 ገደማ ይሆናል። ጤነኛ ሞተር ደግሞ የሚሠራው እዚያው ሙቀት ዙሪያ ነው። ታዲያ ለምን ሁሉም መኪና አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው። በጤናማ ክዳን የመፍያው ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን ግፊቱ ያመልጣል፤ ቆላ ላይ ምንም ያላለ መኪና ደጋ ሲወጣ ይፈላል። በአንዲት ርካሽ ክዳን ምክንያት ስንት ቴስታታ ሲሰነጠቅ አይቻለሁ። ከወሊሶና ወልቂጤ ወደ ጊቤ ወርደው መልሰው ሲወጡ ነው የሚገለጠው፤ የእርስዎ መንገድ ደግሞ እሱ ነው።

«ናፍጣ አይሞትም» የሚለው ወሬ የመጣው ከሃርድቶፑ ላንድክሩዘር ነው። ያ ሞተር 4.2 ሊትር ነው፤ ስድስት ሲሊንደር አለው፣ ቱርቦ የለውም፣ የነዳጅ ፓምፑም በኮምፒውተር አይታዘዝም። ስሙን ያገኘው በሥራው ነው። እሱም ቢሆን የታይሚንግ ቺንጋው (ሞተሩ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች በልክ የሚያዞረው ቀበቶ) በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ካልተቀየረ ጉድ ይሠራል። ያንን ስም ይዞ ለሁሉም ናፍጣ መለጠፍ ግን ስህተት ነው። ከ2000 (በፈረንጅ) በኋላ ፕራዶ ላይ የመጣው ዲ ፎር ዲ ሞተር ናፍጣውን የሚረጨው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። እንዲህ ያለ ኢንጀክተር ንጹህ ናፍጣ ይፈልጋል። ማደያ ሲደርቅ ገጠር ላይ ከጀሪካን የሚቀዳው ናፍጣ ውስጥ ያለ ውሃና ቆሻሻ ኢንጀክተሩን ይበላዋል፤ አራቱን መቀየር ደግሞ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ትልቅ ክፍል ይወስዳል። ኒሳን ፓትሮልም እንዲሁ ነው። ባለ 4.2ው ናፍጣ የታወቀ ጎበዝ ነው። ባለ 3.0ው ፒስተን በማቃጠል የታወቀ ነው። ከውጭ ሲያዩዋቸው አንድ መኪና ናቸው።

ወደ ራቭ ፎሩ። እህታችን «ያው ፎር ባይ ፎር ነው» ያለችው ግማሽ እውነት ነው። መጀመሪያ ነገር፣ ሁሉም ራቭ ፎር በአራቱም ጎማ አይነዳም፤ በፊት ጎማ ብቻ የሚነዱ አሉ። ጎንበስ ብለው ከሥር ይመልከቱ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄድ ረጅም ዘንግ ካላዩ ነገሩ አልቋል። ሁለተኛ፣ ዘንጉ ቢኖርም ራቭ ፎር ለብቻው የቆመ ሻንሲ (ገላው የሚጫንበት የብረት ፍሬም) የለውም፤ ትንሿም ማርሽ የለችውም። ትንሿ ማርሽ የምላት ሹፌሮች ፎር ሎው የሚሏትን ነው። ሞተሩ በብርታት እየዞረ ጎማው በሰው እርምጃ እንዲሄድ ታደርጋለች። ጭቃ ዳገት ላይ ነዳጅ ሳይረግጡ ቀስ ብለው ይወጡበታል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ሳይነኩ ይወርዱበታል። የከፋን ቀይ ጭቃ በፍሬን የወረደ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግኩ ያውቃል፤ ጎማው ይቆማል፣ መኪናው ግን መንሸራተቱን አያቆምም። ስለዚህ መኪና ሲጠይቁ «ፎር ባይ ፎር ነው ወይ» ብለው አይብቃዎት። «ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ነው? ሻንሲ አለው? ፎር ሎው አለው?» ይበሉ። ዲፈረንሻል ጉልበትን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ነው፤ ሁለት ማለት የፊቱም የኋላውም።

አሁን ስለ ገበያው ጥቂት ልበል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። 2016 ላይ ደግሞ መንግሥት የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ ወሰነ። የቤንዚኑም የናፍጣውም ገበያ ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው መኪና እየተገለባበጠ የሚሸጥበት ሆነ። ዋጋ የሚያወጣው የመኪናው ጤንነት መሆኑ ቀርቶ ስሙ ሆኗል። ቶዮታ የሚል ምልክት ያለበት ሁሉ ከሚገባው በላይ ይጠየቅበታል። እርስዎ ገንዘብ ሲያጥርዎ ለስም መክፈል የለብዎትም።

ምክሬ አንድ ነው፦ ሱዙኪ ይግዙ። ወይ የ1990ዎቹን ቪታራ፣ ወይ ከ1998 እስከ 2005 (ሁሉም በፈረንጅ) የተሠራውን ግራንድ ቪታራ። ቤንዚን፣ ማንዋል ካምቢዮ፣ ባለ አምስት በር። ሁለቱም እውነተኛ ሻንሲ ላይ የቆሙ ናቸው፣ ፎር ሎው አላቸው፣ ቀላል ስለሆኑ ጭቃ ውስጥ እንደ ትልቁ መኪና አይሰምጡም። ከተያዙም አራት ሰው ገፍቶ ያወጣቸዋል፤ ፕራዶን አራት ሰው አይገፋውም። ቪታራ አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ዓመት የተሠራባት መኪና ስለሆነች የማያውቃት መካኒክ የለም። ከአማራጭዎ ባለ 2.0 ሊትሩን ግራንድ ቪታራ አስቀድማለሁ፤ ታይሚንጉ በሰንሰለት ነው። ባለ 1.6ው በቺንጋ ስለሆነ መቼ እንደተቀየረ ደረሰኝ ካላሳዩዎት እንዳልተቀየረ ቆጥረው ገዝተው በዚያው ሳምንት ያስቀይሩት። ባለ 2.5 ቪ6 ከመጣልዎ ይለፉት፤ ቤንዚን ይጠጣል። ከ2015 (በፈረንጅ) ወዲህ ያለችው አዲሷ ቪታራ ደግሞ ስሟ ብቻ ነው የቀረው፤ ሻንሲውም ትንሿ ማርሽም ቀርተውባታል።

ገደቡንም ይወቁት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል። ወረቀት ላይ 95 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 1.6 ቪታራ አዲስ አበባ ላይ 75 ቢደርስ ነው። ዳገት ላይ አይሱዙ ይቀድምዎታል፤ ይቅደምዎት። ጭነትም አትችልም። አምስት ሰው አሳፍረው ጣሪያው ላይ አምስት ጆንያ ቡና ቢያስሩ ከልኳ አልፈዋል፤ ጭነቱ ከላይ ስለሆነም ጠምዛዛ መንገድ ላይ መገልበጥ ይመጣል። ቡናውን በአይሱዙ ይላኩ፣ እርስዎ በቪታራ ይሂዱ። የፊቱ ዲፈረንሻል ቤት አሉሚኒየም የሆነባቸውም አሉ። እነሱ ጭቃ ውስጥ በኋላ ማርሽ በኃይል ሲረገጡ ይሰነጠቃሉ፤ ከሥር ገብተው ዘይት የሚያልብ መሆኑን ይዩ።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ። ጂምኒ ጭቃ ላይ ከቪታራም ትበልጣለች፤ ግን ለሁለት ሰውና ለአንድ ሻንጣ ነች። ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ወገብዎ ይጠይቅዎታል። ቴሪዮስ ለበጋ ትሆናለች፤ ትንሿ ማርሽ የላትም። የሚያስገርም የላንድክሩዘር ጨረታ ሲወጣ አይጣደፉ። ማስታወቂያው ላይ «ባሉበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ሞተሩ ባይነሳም የእርስዎ ነው ማለት ነው፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ደግሞ ቀረጡ ከአሸናፊው ዋጋ በላይ ሊመጣ ይችላል። ገንዘብ ጨምረው ፕራዶ ካማረዎት ባለ 2.7 ሊትር ቤንዚን፣ ማንዋል ይፈልጉ። ያ ሌላ በጀት ነው።

ከገንዘብዎ አንድ አራተኛውን ለመኪናው ግዢ አያውጡት። ይህን ብዙ ሰው አይሰማኝም። ሁሉንም ለሻጩ ይሰጥና የተላጨ ጎማ ይዞ ቦንጋ ይወርዳል። ጭቃ ላይ ከዲፈረንሻሉ በፊት የሚሠራው ጎማው ነው፤ ጥርሱ ያለቀ ጎማ በአራት ሲዞር አራት ጉድጓድ ይቆፍራል እንጂ አይወጣም። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 (በፈረንጅ) 23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ አሥር ዓመት የቆየ ጎማ ደርቋል፤ ይፈነዳል። በቀረው ገንዘብ አራት ጎማ፣ የሞተር፣ የካምቢዮና የሁለቱም ዲፈረንሻል ዘይት፣ የራዲያተር ክዳንና ቱቦዎች፣ የፍሬን ሸራ ያድርጉ። ከዚያ ከተረፈ ቴፕ ይግጠሙ።

ስለ ፍተሻ። ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጄን ይዤ ፓጄሮ ልናይ ሄድን። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ነበር። ኮፈኑ ላይ እጄን ሳሳርፍ ሞቅ ብሏል። ባለቤቱ «ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ መመለሴ ነው» አለ። እሑድ ነበር። እኔ ሳቅ ብዬ ዝም አልኩ፣ ወዳጄ ግን መኪናውን ወዶታል። ገዛው። በሦስተኛው ሳምንት ጋራዤ በር ላይ በገመድ ተጎትቶ መጣ። ጠዋት ቀዝቅዞ ስለማይነሳ ነበር እኛ ከመድረሳችን በፊት ያሞቁት። መኪና ሊያዩ ሲሄዱ እንግዲህ በማለዳና ሳይናገሩ ይሂዱ። ኮፈኑ ከሞቀ «ነገ እመለሳለሁ» ይበሉ።

ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ሞቆ እያለ አይንኩት፤ ፊት ያቃጥላል። ውሃው ላይ የዘይት ቅባት ካለ፣ ወይም ክዳኑን ከፍተው ሞተሩን ሲያስነሱ አረፋ ሳያቋርጥ ከመጣ፣ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ወይም ቴስታታው አልቋል። አመስግነው ይውጡ። ደህና ከሆነ ለሙከራ ከሽሮ ሜዳ ተነስተው እንጦጦ ማርያም ድረስ ይውጡት። አናቱ ላይ ሞተሩን ሳያጠፉ አምስት ደቂቃ ያቁሙትና የሙቀቱን ቀስት ይዩ። ከመሃል ካለፈ አይሆንም። እዚያው አካባቢ ያልተነጠፈ ቦታ ፈልገው፣ መኪናውን አቁመው፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው ትንሿን ማርሽ ያስገቡ። ቪታራ ላይ ገብታ መኪናው በእርምጃ ሲሄድ ይሰማዎታል። የማትገባ ከሆነች፣ ወይም ገብታ ከዘለለች፣ የሚገዙት በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳ መኪና ነው። አስፋልት ላይ አይሞክሩት፤ ቪታራን በአራቱም ጎማ አድርጎ ደረቅ አስፋልት ላይ መጠምዘዝ ዲፈረንሻሉን ያጨናንቃል። ሻጩ «እኔ ሁልጊዜ በአራቱም ነው የምነዳው» ካለዎት ያ ጥሩ ወሬ አይደለም።

ገላውን በማግኔት ይፈትሹ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በሮቹና የጎማው ቅስት ላይ ያስኪዱት። የሚይዝበት ላሜራ ነው፣ የሚለቅበት ስቱኮ ነው። ስቱኮ ብቻውን አያስፈራም፤ እዚህ ከተማ ያልተጋጨ መኪና የት አለ። የሚያስፈራው ሻንሲው ላይ የብየዳ ምልክት ነው። ብየዳ ካዩ በየትኛውም ዋጋ አይግዙ። ከቀኝ ወደ ግራ መሪው የዞረ መኪና ከሆነም ይተውት፤ የተበየደው ቦታ መሪው የታሰረበት ነው። ይህን ሁሉ ራስዎ ካላወቁበት መካኒክ ይዘው ይሂዱ። ደላላው ያመጣልዎትን መካኒክ ግን አይውሰዱ፤ ሁለቱም ኮሚሽናቸው ከአንድ ኪስ ነው።

ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ይበቃል። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑን በዓይንዎ ያንብቡ፤ ቁጥሩ ዙሪያ የተፋቀ ብረት ካለ ይመለሱ። ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን መኪናው ከተመዘገበበት ትራንስፖርት ቢሮ ያረጋግጡ፤ ባንክ የያዘው መኪና ስሙ አይዛወርም። የሚሸጥልዎት ባለቤቱ ሳይሆን ውክልና የያዘ ሰው ከሆነ፣ ውክልናው መሸጥንና ስም ማዛወርን በግልጽ መጥቀሱን፣ ወካዩም በሕይወት መኖሩን ይጠይቁ። ሰው ከሞተ የሰጠው ውክልና አብሮት ይቀራል፤ ወራሾቹ ናቸው የሚመጡብዎት። ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርበው ይፈራረሙ፣ ክፍያውን በባንክ ያድርጉ።

ስለ ቅዳሜው ቀብድ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ሞተሩን ሳያዩ ከከፈሉና ጠዋት ውሃው ውስጥ አረፋ ካገኙ ገንዘብዎን ትተው ነው የሚሄዱት። ለደላላው ዛሬ ይደውሉና «ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሞተሩ ሳይነሳ ላየው እፈልጋለሁ» ይበሉት። ፈቃደኛ ካልሆነ ቪታራ ፍለጋ ይጀምሩ። ፈቃደኛ ከሆነም ይሂዱ፣ ክዳኑን ይክፈቱ፣ ይዩ፤ ከዚያ ቪታራ ፍለጋ ይጀምሩ።